ከቀዳዳዋ የወጣችው ሽቦ

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ካዛንቺስ ውስጥ ዕቃ የማያወጣ ግቢ አልነበረም። አልጋው በትከሻ፣ ቁም ሣጥኑ በጋሪ፣ ቆርቆሮውና በሩ በአይሱዙ ይጫናል። የኮሪደር ልማቱ እኛም ሰፈር ደርሶ የምንለቅበት ቀን ተነግሮን ነበር፤ መሄጃችን ገላን ጉራ ነው። እማዬ ብርጭቆና ሲኒዋን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ትሞላለች። አባባ ደግሞ በርጩማቸውን ግቢው ጥግ አውጥተው፣ በሸራ ከተሸፈነችው ሞተራቸው ፊት ተቀምጠው ይተክዛሉ።

«አባባ፣ ይቺንስ ምን እናድርጋት?» አልኳቸው።

«ከተነሣች ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። ካልተነሣች ቁራሌው ይውሰዳት» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ደብረ ብርሃን ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞርበት ሞተር ሲመኝ ኖሯል። የእኛዋ ግን ከቆመች አምስት ዓመት አልፏት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለው ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በኋላ ፈቃድ ላላቸው ቢፈቀድም፣ አባባ ጡረተኛ ናቸው፤ ምን ብለው ፈቃድ ያወጣሉ? ያን ዕለት ገፍተው ጥግ አስያዟት፣ ሸራ አለበሷት፣ ከዚያ ወዲያ አልነኳትም።

ያማሃ ዲቲ 125 ናት። አባባ የመሥሪያ ቤት መልእክተኛ በነበሩ ጊዜ ደብዳቤ ያደርሱባት ነበር። በ1988 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ራሳቸው ተጫርተው ገዟት። እኔ ትምህርት ቤት የተመላለስኩት የቤንዚን ታንከሯ ላይ ተቀምጬ፣ መሪዋን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ወር በገባ በ15 ደግሞ አባባ እማዬን ከኋላ አፈናጥጠው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይወስዷት ነበር።

የሙያው ነገር ግን ለእኔ አልደረሰኝም። መፍቻ የሚያቀብለው ታላቅ ወንድሜ ነው። የእኔ ድርሻ ሥራው ሲያልቅ ውኃና ኦሞ ይዤ የሁለቱን የዘይት እጅ ማስታጠብ ነበር።

ወንድሜ ዛሬ ዱባይ ነው። ለምን እንደሄደ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያነሣው ግን የለም። በ2010 ዓ.ም. ሥራ ሲያጣ አባባ ሞተሯን ሰጡት፤ ለነጋዴዎች ዕቃ እያደረሰ ራሱን ቻለ። ሰኔ ላይ ኡራኤል አጠገብ በፍጥነት ሲነዳ ሞተሯ ድንገት ነከሰች። ፒስተኑ ከሙቀት ብዛት ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣበቀ፣ የኋላው ጎማ ቀጥ አለ፣ ወንድሜ አስፋልት ላይ ተወረወረ። አገጩ ስድስት ቦታ ተሰፋ።

አባባ ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ የተናገሩት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ሞላህባት፤ ሞተሬን ገደልካት» አሉት። ወንድሜ በእማዬ ስም ማለ፤ ከማደያ በቀር ቀድቶ እንደማያውቅ ተናገረ። አላመኑትም። አዲስ ፒስተንና ፋሻ ተገዛላት፤ ቁልፉ ግን ወደ አባባ ኪስ ተመለሰ። ወንድሜ እንጀራውን አጣ። በ2012 ዓ.ም. ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚደውለው ለእማዬ ነው። አባባ ከጎኗ ተቀምጠው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ «ደህና ነው?» ይላሉ፤ «ደህና ነው» ትላቸዋለች። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አሁን አባባ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል። ወንድሜ የለም። ስለዚህ መፍቻው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ መጣ።

ሸራውን ስገፍ አባባ ሕጋቸውን ነገሩኝ። «ሞተር ሦስት ነገር ትፈልጋለች፤ እሳት፣ ቤንዚን፣ አየር። አንዱን ሳታረጋግጪ ወደ ሌላው አትዝለዪ። ሁሉንም ባንዴ የሚነካካ መካኒክ ብትነሣለት እንኳ ምን እንደሠራ አያውቅም።»

በመጀመሪያ ካንዴላዋን ፈታሁ። በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጠብን፤ ከዚያ ማስነሻዋን በእጄ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ዘይቱ ሳይዳረስ በኃይል ከተረገጠ ፋሻው ሲሊንደሩን ይጭረዋል። እሺ ብላ ዞረች። «ተመስገን፣ አልተያዘችም» አሉ።

ቀጥሎ እሳቱ። ካንዴላዋን ከሽቦዋ ጋር አገናኝቼ፣ ብረቷን ከሞተሩ አካል አስነክቼ፣ ማስነሻውን ረገጥኩ። በጥላ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየኝ። እሳት አለ ማለት ነው። ካንዴላዋን መልሼ አስርቼ ደጋግሜ ከረገጥኩ በኋላ እንደገና ብፈታት ደረቅ ናት፤ የቤንዚን ጠብታ እንኳ አልነካትም።

«እስቲ አንድ ማንኪያ ቤንዚን በካንዴላዋ ቀዳዳ ጨምሪላት» አሉኝ። አዲስ ቤንዚን በትንሽ ጠርሙስ አስቀድተን ነበር። ጨመርኩ፣ ካንዴላዋን አሰርኩ፣ ረገጥኩ። ተነሣች! ሁለት ሦስት ሰከንድ ጮኻ፣ ጭስ ተፍታ፣ ፀጥ አለች።

እኔ የጠፋች መስሎኝ አዘንኩ። አባባ ግን ፈገግ አሉ። «ነገረችን እኮ። በእጃችን ስናጎርሳት በላች፤ በራሷ አፍ መጉረስ ነው ያቃታት። ካርቡራተሩን አውርጂ።»

ሞተር ለማያውቅ አንባቢ ካርቡራተር ምን እንደሆነ ልንገር። ድሮ በየቤታችን የነበረውን በእጅ የሚገፋ የፍሊት መርጫ አስታውሱ። እጀታውን ሲገፉት ንፋሱ በቀጭኗ ቱቦ አፍ ላይ ይነፍሳል፤ መድኃኒቱ ከቆርቆሮው ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይረጫል። ካርቡራተርም ይኸው ነው። ፒስተኑ አየር ሲስብ፣ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ከታች በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ይህን የጠባብ መተላለፊያ ባሕርይ ያጠናው ቬንቱሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ ነው፤ ጉሮሮው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቤንዚን በቀዳዳ የሚረጨውን ዓይነት ካርቡራተር እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ማይባክ፣ በዚያው ዓመትም ባንኪና ቾንካ የተባሉ ሁለት ሀንጋሪያውያን መሐንዲሶች ሠርተውታል።

ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የቤንዚን ገንዳ አለችው። ገንዳዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለች። ሥራዋ በየግቢያችን ባለው ሮቶ ውስጥ ካለችው ኳስ አይለይም፤ ገንዳው ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋለች፣ ሲጎድል ዝቅ ብላ ትከፍታለች። ቤንዚኑ ከገንዳዋ ወደ ጉሮሮው የሚወጣው መሃላቸው በተበሳ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ነው፤ መካኒኮች ጄት ይሏቸዋል። ትንሿ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ፣ ትልቋ ነዳጅ ሲሰጠው ትመግባለች። ትልቋ የተባለችውም ብትሆን ቀዳዳዋ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው።

እማዬ ከሰሉን ይዛ ወደ በረንዳው ሸሸች፤ ቤንዚንና እሳት ባንድ ግቢ አይሆንም ብለው አባባ አስጠነቀቋት። አሮጌ ነጭ ነጠላ መሬት ላይ አነጠፍኩ። «የሚወድቀው ነገር ጠጠር ያህላል፤ ነጭ ላይ ይታያል» አሉኝ። የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋሁ፣ ቱቦውን አላቀቅሁ፣ የላስቲኮቹን ማጥበቂያዎች በካቻቪቴ አላላሁ፣ ካርቡራተሩን በሁለት እጄ አወጣሁት። በየደረጃው በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ይህ የእኔ ዘዴ ነው፤ አባባ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ በኋላ ግን «አንሺ፣ አንሺ» ይሉኝ ጀመር።

የገንዳዋን አራት ብሎኖች ፈትቼ ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ያዘው። የቤንዚን ሽታ አይደለም፤ የቆየ ቫርኒሽ ይሸታል። ከሥሯ ማር የመሰለ ሙጫ፣ በዳር በዳሩ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል።

«አየሽ የእኔን ስንፍና!» አሉ አባባ። «ያን ዕለት ሳቆማት ገንዳዋን ማድረቅ ነበረብኝ። ተናድጄ ጥያት ገባሁ።» ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ቀላሉ ይተንና ከባዱ ይቀራል፤ የቀረውም ከአየር ጋር እየተዋሃደ ሙጫ ይሆናል። ከወር በላይ ለሚቆም ሞተር መክፈቻውን ዘግቶ ገንዳውን ማንጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኛ አምስት ደቂቃውን ነፍገን አምስት ዓመት ከፈልን።

የአየር ማስተካከያዋን ብሎን ከማውጣቴ በፊት ወደ ውስጥ እያዞርኩ ዙሩን እንድቆጥር አዘዙኝ፤ አንድ ተኩል ዙር ሆነ። ጻፍኩት። ስትመለስ እዚያው ላይ መቀመጥ አለባት። ላስቲኮቹን ለብቻ አስቀመጥኩ፤ ማጽጃ ውስጥ ከገቡ ያብጣሉ። ብረት ብረቱን ከሶማሌ ተራ ባመጣሁት የካርቡራተር ማጽጃ ነክሬ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ።

መፍቻ፣ ካቻቪቴ እያልኩ ስጠራ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፤ የመካኒክ አፍ ግማሹ ጣሊያን ነው። ሰፈራችንስ? ካዛ ማለት ቤት ነው፤ ኢንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ተቋም ምኅጻረ ስም። ሠሪዎቹ አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ፤ ስሙ ከእኛ ጋር ሰማንያ ዓመት አለፈው። አሁን ቤቶቹ እየሄዱ ነው። ስሙ የት እንደሚሰነብት እንጃ።

ትንሿን ጄት ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየኋት፤ ድፍን ናት። ሙጫው ጠርቅሟታል። መርፌ ላመጣ ስነሣ አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«ሽቦ አይገባባትም!» አሉ፤ ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ጮኸ። ከዚያ ለስለስ አድርገው «ነሐስ ለስላሳ ነው። ሽቦ ካገኘው ይጫራል፣ ይሰፋል። በልኬት የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ አንዴ ከሰፋ ማን ያጠበዋል? ንከሪያት፣ ጠብቂ፣ በአየር አስነፊያት» አሉኝ።

ማታውን ሁለቱንም ጄቶች በብርጭቆ ነክሬ አሳደርኩ። ጠዋት ይዣቸው መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር፤ የአየር መጭመቂያው ገመድ ተነቅሎ ለመጫን ተዘጋጅቷል። ነገሩን ስነግረው መልሶ ሰካልኝ። «ካዛንቺስ የምነፋው የመጨረሻ ነገር ይሁን በቃ» አለና ሳቀ። ገንዘብ አልተቀበለኝም።

ትንሿ ጄት አንዴ ፉጨት አሰምታ ጠራች። ወደ ሰማይ ሳነሣት መሃሏ ላይ ክብ ብርሃን ታየኝ። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። ትልቋ ግን ተነፍታም ብርሃኗ ክብ አይደለም፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎደሎ ነው። ጎሚስታው ገልብጦ በሌላው አፏ ነፋት። «ጭር» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መዳፌ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። የቅንድብ ፀጉር የምታህል የብረት ሽቦ ናት።

ቤት ስመለስ ጄቷን በቀኝ እጄ፣ ሽቦዋን በግራ መዳፌ ይዤ ለአባባ አሳየኋቸው። «ትልቋ ውስጥ ተሰንቅራ ነበር» አልኳቸው። ቀዳዳዋን ግማሽ ያህል ዘግታው ነበር።

አባባ ሽቦዋን አንሥተው ደህናው ዓይናቸው አጠገብ አደረጓት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ልከተላቸው ስል እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የፎቶ ፊልም ትቀመጥባት የነበረች ጥቁር ብልቃጥ፣ በሌላው የተበጣጠሰ አሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ ይዘዋል። ከገመዱ አንዷን ክር ለይተው ከሽቦዋ ጎን አስጠጉ። አንድ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

በርጩማው ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሞተሯ ትንሽ ስትንተፋተፍ አንድ ማታ ለማንም ሳይናገሩ ካርቡራተሯን ከፈቱ። ዓይናቸው መድከም የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ለልጃቸው «አልታየኝም» ማለት አፈሩ። ጎሚስታው ዘግቷል። ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን የሚከለክሉትን ነገር አደረጉት፤ ከአሮጌ ገመድ አንድ ክር ነቅለው ጄቷን ወጉ። ክሩ እጃቸው ላይ አጠረ። ጫፉ መሬት የወደቀ መሰላቸው። ገጣጥመው አስነሡ፤ ተነሣች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሜ ኡራኤል ላይ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ግራም አሥራ አምስት ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ሲያንስ ሞተሩ አይጠፋም፤ ይግላል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ትልቋ ጄት ብዙም ስለማትሠራ ችግሩ አይታወቅም። አባባ ከጥገናው በኋላ ቂርቆስ ደርሰው ሲመለሱ ምንም ያልገጠማቸው ለዚህ ነው። እንደ ወንድሜ ዕቃ ለማድረስ የሚፈጥን ሰው ግን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጣት፣ በግማሽ የተዘጋችው ቀዳዳ አላደርስ ብላ ፒስተኑን አቃጠለችው። ጥገናውን የሠሩልን ሰዎች ፒስተኑን ለወጡ፤ ፒስተኑን ምን እንደበላው የጠየቀ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። መልሱን ሆስፒታል በር ላይ ሰጥተን ጨርሰን ነበራ።

«የተበላሸውን ሠራን፣ ያበላሸውን አልነካነውም» አሉ አባባ።

«ያኔ ጠርጥረው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል።

ዝም አሉ። ከዚያ «የገመዱን ክር ለምን እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩት ይመስልሻል?» አሉኝ።

ካርቡራተሩ በነጠላው ላይ ተበታትኖ ተኝቷል። ጊዜ የለንም፤ መኪናው የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ልገጣጥም እጄን ስዘረጋ ግን «ቆይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ደውይለት።»

ደወልኩ። ወንድሜ የምሳ ዕረፍት ላይ ነበር። ስልኩ ላይ የአባባን ፊት ሲያይ የሞት መርዶ የመጣ መሰለው፤ «እማዬ ምን ሆነች?» አለ።

«እናትህ ደህና ናት» አሉ አባባ። ሽቦዋን በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ወደ ካሜራው አስጠጉ። እንኳን በስልክ በዓይንም ለማየት ታስቸግራለች። «ከሞተሯ ጄት ወጣች። የእኔ ናት። እኔ ነበርኩ የከተትኳት። በድዬሃለሁ፣ ልጄ።»

እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም ጩኸት። ወንድሜ አገጩን ዳበሰ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «አገጬ እኮ ድኗል፣ አባባ» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ግን ሞተሯ ተነሣች?» ሲል ጠየቀ።

«ገና ናት። እህትህ ናት የምትሠራው።»

«እሷ?» አለና ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። እማዬ ከበረንዳው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ስልኩን ከካርቶን አስደግፌ እሱ እያየኝ ገጣጠምኩ። ሽቦ የገባባትን ጄት መልሰን አላስገባናትም፤ ውስጧ ተጭሯል። አባባ ከብልቃጧ ሁለት መለዋወጫ አወጡ። አንደኛዋ ከፋብሪካ የመጣችው ናት፤ ሌላዋ ቁጥሯ አነስ ያለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከጠረፍ አገር በሩብ ያህል ያንሳል። ለጠረፍ አገር የተሠራ ጄት እዚህ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተር ይጨሳል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። ስለዚህ ደጋ ላይ ጄት ያሳንሳሉ። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። «ትንሿን አስገቢ» አሉ አባባ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ብዙ ነዳጅ አንሰጣትም፤ እዚያ ስትደርስ ልኳ ትሆናለች።»

ተንሳፋፊዋን መለስኩ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አደረግሁ፣ የአየር ብሎኗን አንድ ተኩል ዙር ከፈትኩ። ታንከሩን በአዲስ ቤንዚን አጥበን ሞላን። የአየር ማጣሪያዋ ስፖንጅ በእጄ ላይ ተፈርፍሮ ስለነበር ከሶማሌ ተራ ሌላ ተገዝቷል። ቾኩን ሳብኩ፣ ረገጥኩ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ተነሣች።

ጭሱ ግቢውን ሞላው። የጎረቤት ልጆች አልጋ ተሸክመው ሲያልፉ አልጋውን አስቀምጠው ቆሙ። ግን ደስታዬ አልቆየም። ቾኩን ስመልስ ሞተሯ በራሷ ትጮኽ ጀመር፤ ነዳጅ ሳልሰጣት ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ ትላለች። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉትን፣ ቆማ ረጋ ብላ የምትሠራበትን፣ አልይዝ አለች።

«አጥፊያት!» አለ ወንድሜ ከዱባይ። «አየር እየሳበች ነው፤ ድምፅዋን እወቂው። ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ላስቲክ እዪ።»

አየሁት፤ ደህና ይመስላል። «ሲነሣ ሳሙና ያለው ውኃ ጠብ አድርጊበት» አለኝ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አስነሥቼ ከላስቲኩ ሥር ውኃውን ሳንጠባጥብ ድምፅዋ ለቅጽበት ረጋ አለ። ስንጥቁ ተገኘ፤ ከሥር በኩል፣ ጣት ካልነካው የማይታይ። ያለፈው ቢታለፍ ኖሮ በዚህ ስንጥቅ የሚገባው ትርፍ አየር እንደገና ቤንዚኑን ያሳንሰው፣ እንደገና ፒስተኑን ያነክሰው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የአክስቴን ልጅ ይዞ።

በማግስቱ አዲስ ላስቲክ ገዝቼ ቀየርኩ። ሚኒሞዋን የነካሁት ሞተሯ በደንብ ከሞቀች በኋላ ነው። ቀስ ብላ፣ ልክ በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ የምትቀሰቅሰኝን ድምፅ እያሰማች ቆመች። አባባ መዳፋቸውን ታንከሯ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ «ያዘች!» አለ።

ሞተሯ አይሱዙ ላይ ተጭና ደብረ ብርሃን ሄደች። ከመጫኗ በፊት ገንዳዋን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልናል፤ ጭቃ ለብሳ፣ ገብስ ማሳ ዳር ቆማ።

ብዙ ሰው እንደዚህ ያለ ሞተር ከእንግዲህ ምን ይሠራል ይለኛል። እውነት ነው፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ነዳጅ የሚመጥኑት በኮምፒዩተር ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም መጥተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት አቁማለች። ካርቡራተር ማጠብ ከልጅ ልጆቻችን ጋር የሚዘልቅ ሙያ አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ሲበላሽ ማን አበላሸው ብዬ አልጀምርም። እሳቱን አያለሁ፣ ቤንዚኑን አያለሁ፣ አየሩን አያለሁ፤ አንድ ባንድ።

ገላን ጉራ ከገባን በኋላ አባባ ጥቁሯን ብልቃጥ ከአልጋቸው ራስጌ አስቀምጠዋታል። ውስጧ የተጫረችው ጄትና የቅንድብ ፀጉር የምታህለው ሽቦ አሉ። ዓርብ ዓርብ ወንድሜ ይደውላል። ስልኩ ሲጮኽ እማዬ አታነሣውም፤ ለአባባ ታቀብላቸዋለች።